እህል እያለ ሰው ለምን ይራባል? ስለ አማርቲያ ሴን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በልጅነቴ ስለ ወሎ ረሃብ ሲወራ የምሰማው ሁሌም አንድ ነገር ነበር። «ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ።» ነገሩ በዚሁ የተዘጋ ይመስለኝ ነበር። አንድ የቤንጋል ምሁር ግን ይህን አባባል መሃሉ ላይ ያዙትና «ቆይ፣ እህሉ እውነት ጠፍቶ ነበር?» ብለው ጠየቁ። እኚህ ሰው አማርቲያ ሴን ናቸው። ስለ እሳቸው ባወራሁ ቁጥር ሰዎች የሚያነሱልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ስቆጥር እናገራለሁ።

አማርቲያ ሴን ማን ናቸው?

ህንዳዊ ኢኮኖሚስትና ፈላስፋ ናቸው። የተወለዱት በኖቬምበር 1933 ሻንቲኒኬታን በምትባል የቤንጋል መንደር ነው። ያኔ ቤንጋል በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ያደጉት እዚያና ዳካ ነው፤ ዳካ ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ናት። አባታቸው ዳካ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ ነበር። የእናታቸው አባት ክሺቲ ሞሃን ሴን ደግሞ የሳንስክሪት ሊቅ ነበሩ። የሚያስተምሩት ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር ሻንቲኒኬታን ላይ ባቋቋሙት ተቋም ነው። ለህፃኑ ስም ያወጡለትም ታጎር ራሳቸው ናቸው። «አማርቲያ» ማለት የማይሞት ማለት ነው።

ኮልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ተማሩ። ከዚያ በ1953 ወደ ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሄዱ። የዶክትሬት ሥራቸውን ቶሎ ጨርሰው ህንድ ተመለሱና ጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተከፈተውን የኢኮኖሚክስ ክፍል እንዲመሩ ተሾሙ። ገና 23 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። የተቆጣ ሰው በዝቶ ግድግዳ ላይ ስዕል ተሳለባቸው፤ አዲሱ ፕሮፌሰር ከህፃን አልጋ ተነጥቆ ሲወሰድ የሚያሳይ ስዕል።

ከዚያ በኋላ ዴልሂ፣ ለንደን፣ ኦክስፎርድ፣ ሃርቫርድ አስተማሩ። ከ1998 እስከ 2004 የትሪኒቲ ኮሌጅ የበላይ ሆነው መርተዋል። የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ያገኙት በዚያው በ1998 ነው።

ኢኮኖሚስት ናቸው ወይስ ፈላስፋ?

ሁለቱም ናቸው፤ ሃርቫርድ ያላቸው ማዕረግም የሁለቱም ፕሮፌሰር ነው። ነገሩ የጀመረው በወጣትነታቸው ነው። ትሪኒቲ ኮሌጅ የፈለጉትን እያጠኑ የሚቆዩበት ሽልማት ሰጣቸው። ሌላው ቢሆን በዚያው በኢኮኖሚክስ ይገፋ ነበር። እሳቸው ፍልስፍና ማጥናት ጀመሩ።

ምክንያታቸው ግልጽ ነው። «ሰዎች ምን ያህል ገቢ አላቸው?» ቢባል ቁጥር ይመልሰዋል። «ሰዎች ደህና ናቸው ወይ?» ቢባል ግን መጀመሪያ ደህና መሆን ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የፍልስፍና ጥያቄ ነው። ሴን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

ስለ ረሃብ እንዲያጠኑ ያደረጋቸው ምንድን ነው?

በዓይናቸው አይተውታል። በ1943 ቤንጋል በረሃብ ስትመታ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ። በሻንቲኒኬታን መንገዶች ላይ ከገጠር የተሰደዱ ሰዎች ይጎርፉ ጀመር። አያታቸው አንዲት ትንሽ የሲጋራ ቆርቆሮ ሰጧቸው። በእሷ ሩዝ እየሞሉ ለተራቡት እንዲሰጡ ፈቀዱላቸው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቆርቆሮ ብቻ።

ልጁን የረበሸው ሌላም ነገር ነበር። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ አንድም የተራበ አልነበረም። ከዘመዶቹም የለም። መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ቤቶች እንደ ወትሮው ይበሉ ነበር። የሚሞቱት የቀን ሠራተኞች፣ ዓሣ አጥማጆች፣ መሬት የሌላቸው ድሆች ነበሩ። አንድ አገር፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ገበያ ሆኖ አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይሞታል። ሴን ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ወደዚህ ነገር ተመለሱ። በእሳቸው ግምት በዚያ ረሃብ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አልቋል።

ታዲያ ምን አገኙ?

በ1981 በታተመው «ድህነትና ረሃብ» በሚለው መጽሐፋቸው መክፈቻ ላይ ያሉት ይህን ይመስላል፦ ረሃብ ማለት አንዳንድ ሰዎች የሚበሉት በቂ ምግብ ሲያጡ ነው፤ በቂ ምግብ አለመኖሩ ማለት አይደለም። የምግብ አለመኖር ለረሃብ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ብቸኛው ግን አይደለም።

የቤንጋልን መረጃ ሲመረምሩ የ1943 የምግብ አቅርቦት ከቀደሙት 5 ዓመታት አማካይ ያነሰው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኙት። ከ1941 ጋር ሲተያይማ በ13 በመቶ ይበልጥ ነበር። በ1941 ደግሞ ረሃብ አልነበረም። ታዲያ ምን ተፈጠረ? ጦርነት ነበር። የጦርነቱ ወጪ ገንዘብ ረጨና ዋጋ ናረ። ኮልካታ ላሉ ሠራተኞች መንግሥት በድጎማ ምግብ ያቀርብ ነበር። የገጠሩ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ግን ባለበት ቆመ። እንግሊዞች ጃፓን ይመጣብናል ብለው በወንዝ ዳር ያሉ ጀልባዎችን ወሰዱ፤ ዓሣ አጥማጁም ጀልባ ቀዛፊውም እንጀራው ተቆረጠ። ጸጉር አስተካካዩ ሳይቀር ተጎዳ። ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚያቆመው ጸጉር መቆረጥን ነው። እህል ሲወደድና ደንበኛ ሲጠፋ፣ በአንድ ጸጉር ቆረጣ የሚገዛው ሩዝ ከቀድሞው ጥቂት እጁ ብቻ ሆነ።

ሴን ይህን የሚገልጹበት ቃል ኢንታይትልመንት ነው። «መብት» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ግን እኔ «እህሉን የራስ ማድረጊያ መንገድ» ብለው ይሻለኛል። ሰው ምግብ የሚያገኘው ወይ አርሶ፣ ወይ ያለውን ሸጦ፣ ወይ ጉልበቱን አከራይቶ፣ ወይ ወርሶና ተሰጥቶት ነው። እነዚህ መንገዶች ሲዘጉ መጋዘኑ ሙሉ ሆኖም ሰው በረሃብ ይሞታል። የ1974 የባንግላዴሽ ረሃብ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። በዚያ ዓመት ለአንድ ሰው የሚደርሰው ምግብ ከፊቱም ከኋላውም ካሉት ዓመታት ይበልጥ ነበር። ጎርፍ መጣ፣ የእርሻ ሥራ ጠፋ፣ የቀን ሠራተኛው የሚከፍለው አጣ። በቃ።

ስለ ወሎ የጻፉት ነገር አለ?

አለ። ለእኛ ይህ ሰው ቅርብ የሚሆኑትም ለዚህ ነው። የመጽሐፉ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ነው፤ ትልቁን ቦታ የያዘው የወሎው፣ በእኛ አቆጣጠር የ1965 እና የ1966ቱ ረሃብ ነው።

የዝናቡ ነገር እውነት ነው። በ1972 ክረምቱ ከዳ። በቀጣዩ ዓመት በልጉም ቀረ። ወሎ ላይ አዝመራው ክፉኛ ተመታ። ግን በአገር ደረጃ ሲታይ የእህል ምርቱ የቀነሰው በ7 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ብቻውን ያን ሁሉ ሕዝብ አይጨርስም።

ሴን ከዚያ ወደ ደሴ ገበያ ይወስዱናል። እህል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ሰማይ በነካ ነበር። ግን የደሴ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው እጅግ የራቀ አልነበረም። እንዴት ሊሆን ይችላል? መልሱ ልብ ይሰብራል። ገዢ ስላልነበረ ነው። ገበሬው አዝመራው ሲቃጠል የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ቀን አጣ። ገበያ ቢሄድ ኪሱ ባዶ ነው። ገበያ ደግሞ የሚሰማው ገንዘብ ያለውን ብቻ ነው፤ ባዶ ሆድ ብቻውን ዋጋ አያስወጣም። ዋጋው ካልወጣ ነጋዴው እህል ከሌላ አካባቢ ጭኖ የሚመጣበት ምክንያት የለውም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር።

«መንገድ ስለሌለ ነው እርዳታ ያልደረሰው» የሚል መከራከሪያም ይነሳ ነበር። ከአዲስ አበባ አስመራ የሚወስደው ዋናው አውራ ጎዳና ግን ወሎን አቋርጦ፣ ደሴን ረግጦ ነው የሚያልፈው። የተራቡት ሰዎች ወደዚያው መንገድ ወጥተው አውቶብስና መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር እንቅ ያደርገኛል። እህል የጫነ መኪና ያለፈበት መንገድ ዳር ነው ሰው የወደቀው።

ሴን የተጎዱትን በጅምላ «የወሎ ሕዝብ» ብለው አያልፉም። ማን ማን እንደሆነ ይለያሉ። ጭሰኛው አለ። ትንሽ መሬት ይዞ የሚያርሰው ገበሬ አለ። የቤት ሠራተኛውና ጥገኛው አለ፤ ጌታው ራሱ ሲቸግረው መጀመሪያ የሚያሰናብተው እሱን ነው። የእጅ ባለሙያውና የቀን ሠራተኛው አለ። አፋር አርብቶ አደሩም አለ። አፋር የተመታው በድርቅ ብቻ አልነበረም። በአዋሽ ሸለቆ ከብቱን በበጋ የሚያሰማራበት መሬት ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተወስዶበት ነበር። ከብቱ አለቀ። የተረፈችውን ሊሸጥ ሲወጣ ደግሞ የከብት ዋጋ ወደቀ። አርብቶ አደር በደህና ጊዜም ከብት ሸጦ እህል ይገዛል፤ በዚያው ገንዘብ ከሥጋ ይልቅ በእህል ብዙ አፍ ይጠግባልና። ያ ልውውጥ ሲበላሽ ሁለት ጊዜ ነው የሚሞተው።

የሞቱት ሰዎች ቁጥር ላይ ግምቱ ሰፊ ነው፤ ከ50 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። የመንግሥት እርዳታ ሲመጣ ብዙው አልፎ ነበር። የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1973 ረሃቡን ለዓለም አሳየ። ያው ፊልም በእኛ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው።

የእኛ ሰውስ እንዲህ ያለ ነገር አላለም?

ብሏል። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ባደረጉት ጥናት ችግሩ ዝናብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ገበሬውን ለረሃብ ያጋለጠው የኖረበት ሥርዓት እንደሆነ አጥብቀው ተከራክረዋል። የሁለቱ መንገድ አንድ አይደለም። ሴን ከገበያና ከኢኮኖሚክስ ይነሳሉ፤ ፕሮፌሰር መስፍን ደግሞ ከገበሬው ኑሮና ከመሬቱ። ሁለቱም ግን ጣታቸውን ወደ ሰማይ ብቻ አልቀሰሩም።

«ዴሞክራሲ ባለበት ረሃብ የለም» ብለዋል ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ ብለዋል። ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ብዙ ሰው የሚጨርስ ረሃብ ተከስቶ አያውቅም የሚል ነው ሀሳባቸው። ህንድ እስከ 1943 በቅኝ ግዛት ሥር ተርባለች። ነፃ ከወጣች በኋላ ግን ያን ያህል ረሃብ አላየችም። ቻይና በተቃራኒው ከ1958 እስከ 1961 በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ አጣች፤ ሴን 30 ሚሊዮን የሚለውን ግምት ይጠቅሳሉ። እዚያ መጥፎ ወሬ ወደ ላይ አይወጣም ነበር።

የእኛ ተረት «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላል። የሴን ነጥብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ረሃብ ገዢን አይነካም። ነፃ ጋዜጣና ምርጫ ሲኖር ግን የተራበው ሰው ጉዳይ የገዢው ጉዳይ ይሆናል፤ ዝም ካለ ሥልጣኑን ያጣል። በ1943 የኮልካታው ዘ ስቴትስማን ጋዜጣ የተራቡትን ፎቶ አውጥቶ ዝምታውን ባይሰብር ኖሮ እርዳታው ከዚያም በዘገየ ነበር።

ሰዎች እዚህ ላይ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ሴን ዴሞክራሲ ሁሉን ይፈታል አላሉም። ህንድ ድንገተኛውን ረሃብ ብትከላከልም ዓመት ሙሉ የሚቆይ፣ ጋዜጣ የማይጽፈው የምግብ እጥረት ልጆቿን እንደሚገድል ከማንም በላይ የጮሁት እሳቸውና አብሯቸው የሚሠራው ኢኮኖሚስት ዣን ድሬዝ ናቸው። በ1989 አብረው በጻፉት መጽሐፍ ህንድ በዚህ ዝምተኛ ችግር በየ8 ዓመቱ የምታጣው ሕይወት ቻይና በዚያ ረሃብ ካጣችው እንደሚበልጥ ተናግረዋል።

ተቺዎች ምን ይላሉ?

ጥሩ ጥሩ ትችቶች አሉ። አንዳንዶች የቤንጋልን የምርት ቁጥር ራሱን ይጠራጠራሉ፤ ምርቱ ሴን ካሉት የበለጠ ወድቆ ነበር ይላሉ። በሱዳን ዳርፉር ያጠናው አሌክስ ደ ዋል ደግሞ ሁለት ከባድ ነገር አነሳ። አንደኛ፣ በረሃብ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሞተው በበሽታ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ዘሩንና ከብቱን ላለመሸጥ ሲል አውቆ ይራባል። ነገ የሚያርስበትን ዛሬ አይበላም። የእኛ ገበሬም ይህን ያውቀዋል።

እኔን የሚከነክነኝ ሦስተኛው ነው። የሴን ስሌት ገበያና ሕግ እንዳሉ ይነሳል። ጦር መጥቶ እህሉን ሲያቃጥል፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ከብት ሲዘረፍስ? ሴን ራሳቸው ዝርፊያ ከስሌታቸው ውጪ እንደሚቀር በመጽሐፉ አምነዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ድርቁና ጦርነቱ አንድ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ሀሳባቸው ሁሉን በር የሚከፍት ቁልፍ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ረሃብ ሲጠና «ማን ነው ያጣው? በምን መንገድ?» ብሎ ሳይጠይቁ ማለፍ ከባድ ሆኗል።

በተግባርስ ምን ለወጠ?

ረሃብ የገንዘብ ማጣትም ከሆነ፣ እርዳታ ሁሌ ስንዴ መሆን የለበትም። ገበያ ላይ እህል ካለ ለሰው ሥራ ሰጥቶ ደመወዝ መክፈል ሊበቃ ይችላል። ነጋዴው ራሱ እህሉን ያመጣል። ሴንና ድሬዝ በየመጽሐፋቸው የደገፉት ይህን ነው። እኛ አገር ከ2005 ጀምሮ ሴፍቲኔት የምንለው ፕሮግራም ለሥራ ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይከፍላል። ከሴን የተቀዳ ነው ማለቴ አይደለም። ግን «ብር ለተራበ ምን ያደርጋል?» ለሚለው ሰው መልሱ ወሎ ምዕራፍ ውስጥ አለ።

ካፓቢሊቲ የሚሉት ምንድን ነው?

ይህ ትልቁ ሀሳባቸው ነው፤ ቀስ ብለን እንየው። በ1979 ስታንፎርድ ላይ ባደረጉት ንግግር አንድ ጥያቄ አነሱ። እኩልነት እንላለን፤ የምን እኩልነት? የገቢ? የደስታ? የንብረት?

ሁለት ሰው አስቡ። ሁለቱም ዛሬ ምንም አልቀመሱም። አንዱ ይጾማል። ሌላው የሚበላው የለውም። ሆዳቸውን ብትለኩት ልዩነት የለም። ግን አንዱ መብላት እየቻለ ትቶታል፤ ሌላው መምረጫ የለውም። ይህ የሴን የራሳቸው ምሳሌ ነው። ዐቢይ ጾምን ወይም ረመዳንን ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ካፓቢሊቲ ማለት ያ ልዩነት ነው። ሰው በእውነት ማድረግና መሆን የሚችለው ነገር። በአማርኛ «አቅም» ልንለው እንችላለን፤ የጉልበት አቅም ብቻ ካልመሰለን።

ሌላው ምሳሌ ብስክሌት ነው። ለሁለት ሰው እኩል ብስክሌት ሰጠህ። አንዱ እግሩ አይንቀሳቀስም። እቃው እኩል ነው፤ መንቀሳቀስ ግን እኩል አልሆነም። ስለዚህ ሰው ምን አለው ብሎ መቁጠር አይበቃም። ባለው ነገር ምን ማድረግ ይችላል?

የ18ኛው ክፍለ ዘመን ኢኮኖሚስቱን አዳም ስሚዝንም ይጠቅሳሉ። ስሚዝ በዘመኑ በአብዛኛው አውሮፓ የተልባ እግር ሸሚዝ የሌለው የቀን ሠራተኛ ሰው ፊት ለመቅረብ እንደሚያፍር ጽፎ ነበር። ሸሚዙ ለብርድ አይደለም፤ ላለማፈር ነው። እኛ ጋ ይህ በደንብ ይገባል። የእድር መክፈያ ያጣ፣ ለቅሶ ለመድረስ የሚለብሰው ያጣ ሰው እንጀራ ቢኖረውም ድሃ ነው። ከሰው ጋር መኖር አቅቶታል።

በ1999 ባሳተሙት «ልማት እንደ ነፃነት» በተባለው መጽሐፍ ይህን ወደ አገር ደረጃ አሳደጉት። ልማት ማለት መንገድና ህንፃ ብቻ ሳይሆን ሰው የሚኖረው ነፃነት መስፋት ነው አሉ። መማር፣ ታክሞ መዳን፣ መናገር፣ ሥራ መምረጥ።

የሰብዓዊ ልማት መለኪያውን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው?

ዋናው ሰው ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሃቅ ናቸው፤ ከካምብሪጅ ተማሪነት ጀምሮ የሴን ጓደኛ። የመጀመሪያው ሪፖርት በተባበሩት መንግሥታት በኩል የወጣው በ1990 ነው። ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን አንድ ላይ ይለካል። ሴን መጀመሪያ አልወደዱትም። የሰው ኑሮ በአንዲት ቁጥር አይገባም ብለው ተከራከሩ። ሃቅ ግን እንደ ብሔራዊ ገቢው ደፋር፣ ግን ለሰው የቀረበ አንድ ቁጥር ካልሰጠነው ማንም አያየንም አሉ። ሴንም ተስማምተው አብረው ሠሩ። ሃቅ ልክ እንደነበሩ በኋላ ራሳቸው ይናገራሉ።

«የጠፉት ሴቶች» ምንድን ናቸው?

በ1990 መጨረሻ ባወጡት ጽሑፍ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴቶች ከዓለም ጠፍተዋል አሉ። ሴት እኩል ምግብና ሕክምና ካገኘች ከወንድ ይልቅ ረጅም ትኖራለች። ስለዚህ በቁጥር ሴቶች ትንሽ መብለጥ አለባቸው። በደቡብ እስያና በቻይና ግን ለ100 ወንድ ያለው ሴት 94 ገደማ ነበር። ልዩነቱን ስታበዛው ያን ያህል ሕይወት ነው። አንዳንዱ በሆድ እያለ፣ አንዳንዱ ከተወለደ በኋላ ችላ ተብሎ።

ድህነት ብቻ ነው እንዳንል፣ ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ ድሃ ሆና ሴቶቿ ከወንዶቿ አያንሱም ነበር። ይህንን ያነሱት ሴን ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ የቢሮ ስሌት ብቻ አልነበረም። በምዕራብ ቤንጋል መንደሮች በብስክሌት እየዞሩ የወንድና የሴት ሕፃናትን ክብደት አስመዝነዋል። ያ ብስክሌት ዛሬ ስቶክሆልም ባለው የኖቤል ሙዚየም አለ።

ኖቤል የተሰጣቸው ለረሃቡ ጥናት ነው?

ለእሱ ብቻ አይደለም። የሽልማቱ መግለጫ የሚለው ለዌልፌር ኢኮኖሚክስ፣ ማለትም የሰዎችን ደህንነት ለሚያጠናው የኢኮኖሚክስ ዘርፍ፣ ላደረጉት አስተዋፅኦ ነው። ውስጡ የማኅበራዊ ምርጫ ጥናታቸው፣ ማለትም የብዙ ሰው ፍላጎት እንዴት ወደ አንድ ውሳኔ እንደሚመጣ የሚመረምረው፣ ትልቅ ቦታ አለው።

በቀላሉ ላስረዳ። አንድ መንደር ገንዘብ አገኘ። ውሃ ጉድጓድ፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ትምህርት ቤት? ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የመጀመሪያው ውሃ፣ ከዚያ ጤና፣ ከዚያ ትምህርት አለ። ሁለተኛው ጤና፣ ትምህርት፣ ውሃ። ሦስተኛው ትምህርት፣ ውሃ፣ ጤና። በድምጽ ብልጫ ውሃ ጤናን ያሸንፋል። ጤና ትምህርትን ያሸንፋል። ትምህርት ደግሞ ውሃን ያሸንፋል። እየዞሩ መቅረት ነው! ኢኮኖሚስቱ ኬነዝ አሮው በ1951 እንዲህ ያለውን ችግር የሚያልፍ እንከን የሌለው የምርጫ ሕግ እንደማይገኝ በሂሳብ አሳየ። ሴን የአሮውን መጽሐፍ ያገኙት የኮልካታ ተማሪ ሳሉ ጓደኛቸው ሱካሞይ ቻክራቫርቲ ከመጻሕፍት መደብር አምጥቶ ሲያሳያቸው ነው። ከዚያ አለቀቁትም። መንገዱ የሚዘጋው ስለ ሰዎቹ የምናውቀው በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው አሉ። የማን ችግር እንደሚብስ ለማነጻጸር ከተፈቀደልን በሩ ይከፈታል። ልጁ በውሃ ወለድ በሽታ የሚሞትበት ሽማግሌ ካለ፣ ድምጽ ቆጥሮ ብቻ መቆም ትክክል አይሆንም።

ከሽልማቱ ገንዘብ ፕራቲቺ የተባለ ድርጅት በህንድና በባንግላዴሽ አቋቁመዋል። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ለጤናና ለሴቶች እኩልነት ይሠራል።

የዋሽንቷ ታሪክ ምንድን ናት?

በ2009 ስለ ፍትህ ከጻፉት መጽሐፍ ናት። ሦስት ልጆች በአንዲት ዋሽንት ይጣላሉ። አንዷ «መንፋት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች። አንዱ «እኔ ድሃ ነኝ፣ ሌላ መጫወቻ የለኝም» ይላል። ሦስተኛዋ «ወራት ደክሜ የሠራኋት እኔ ነኝ» ትላለች። ለማን ትሰጣለህ? ሦስቱም እውነት አላቸው። ሴን ይህን የሚያነሱት ፍጹም ፍትህ ምን እንደሆነ እስክንስማማ መጠበቅ እንደሌለብን ለማሳየት ነው። ዋሽንቷ ላይ ባንስማማም፣ ሕፃን በረሃብ መሞቱ በደል መሆኑ ላይ እንስማማለን። ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ካደር ሚያ ማን ነበሩ?

ይህን ስም ሳይጠቅሱ ስለ ሴን መናገር ይከብደኛል። በ1944 ዳካ ውስጥ ሂንዱና ሙስሊም ይገዳደል ነበር። የ10 ዓመቱ ሴን ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ አንድ ሰው ደም እየፈሰሰው በበሩ ገባ። ካደር ሚያ ይባላል። ሙስሊም የቀን ሠራተኛ ነው። ጀርባውን በጩቤ ተወግቷል። ልጁ ጮኾ ሰው ጠራ፤ ውሃም አመጣለት። አባትየው ሆስፒታል አደረሱት። አልተረፈም።

ሰውየው በጣር ላይ ሆኖ የነገራቸው ነገር አለ። ሚስቱ ወደዚያ ሰፈር እንዳይሄድ ለምናው ነበር። ቤት ግን የሚበላ አልነበረም። ሥራ ፍለጋ ወጣ። ሴን ድህነት ነፃነት ማጣት ነው ሲሉ ከዚያ ግቢ ጀምሮ ነው የሚናገሩት። ሰውን በአንድ ማንነት ብቻ ማየት ወዴት እንደሚያደርስ በ2006 በመጽሐፍ ሲጽፉም ይህንኑ ሰው ያነሳሉ። ገዳዮቹ ያዩት «ሙስሊም» ብቻ ነበር። አባትነቱን፣ ባልነቱን፣ ራሱን ችሎ ለማደር መውጣቱን አላዩም።

በየትኛው መጽሐፍ ልጀምር?

ለአጠቃላይ ሀሳባቸው «ልማት እንደ ነፃነት» ይቀላል። ሂሳብ የለበትም ማለት ይቻላል። የሕይወት ታሪካቸውን ለሚፈልግ በ2021 ያወጡት ማስታወሻ አለ፤ በ18 ዓመታቸው የአፍ ካንሰር እንዴት እንደያዛቸውና ኮልካታ ውስጥ በጨረር እንዴት እንደታከሙ እዚያ ውስጥ ይተርኩታል። መጀመሪያ የጠረጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ የሕክምና መጽሐፍ አገላብጠው።

ጊዜ የሌለው ሰው ግን «ድህነትና ረሃብ»ን ያግኝና ምዕራፍ 7ን ብቻ ያንብብ። የወሎው እሱ ነው።